«ግራኝ ሳይሆን አይቀርም»

በጤና ጣቢያችን የሕፃናት ክትባት ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አንዲት እናት የስድስት ወር ወንድ ልጇን ለቫይታሚን ኤ አምጥታ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው፣ «ሲስተር፣ ይኼ ልጅ ግራኝ ሳይሆን አይቀርም፤ የሰጡትን ሁሉ በግራው ነው የሚቀበለው» አለችኝ። ክብደቱ ደኅና ነበር፤ የክንዱ ልኬትም የጤናማው ምልክት በሆነው አረንጓዴ ላይ አርፏል። እኔም ስቄ፣ «እግዜር ያሳድግልሽ፤ ቀኙን ለጉርሻ ታስለምጂዋለሽ» አልኳትና ካርዱን ሞልቼ ሸኘኋት። ወረፋው እስከ ግቢው በር ድረስ ደርሶ ስለነበር ንግግሯን እንደ ጨዋታ ነው የቆጠርኩት።

በዘጠነኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ስትመለስ አንዲት ጤና መኮንን ባልደረባዬ አብራኝ ነበረች። ልጁ በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ሳለ ባለቀለሙን የክንድ መለኪያ በቀኙ በኩል ዘረጋችለት። ሕፃኑ ወገቡን አዙሮ በግራ እጁ ሊይዘው ተንጠራራ። ግራውን በቀስታ ያዝ ስታደርግበት ቀኙን በማንሳት ፈንታ አፉን ወደ መለኪያው አስጠጋ። ያን ጊዜ ቀኝ እጁን አየሁት፤ ተጨብጦ አውራ ጣቱ በሌሎቹ ጣቶች ሥር ተደብቋል። ዳይፐሩን ፈትታ እግሮቹን ስታጥፍና ስትዘረጋም የቀኙ እግር ከግራው ይልቅ ግትር ብሎ አስቸገራት።

ባልደረባዬ እንዳስረዳችኝ፣ ሕፃን ዓመት ሳይሞላው ሁለቱንም እጆቹን ነው የሚጠቀመው፤ ግራኝነትም ሆነ ቀኝነት በግልጽ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ ግራውን የመረጠው ቀኙ ስላልታዘዘለት ሊሆን ይችላል። እናቲቱ ወሊዷ ሰላማዊ እንደነበርና ልጁም ወዲያው እንዳለቀሰ ስትነግረን ግራ ተጋባሁ፤ ነገር ግን ከመወለድ በፊት ወይም በወሊድ ሰሞን የሚደርስ የአንጎል የደም ዝውውር መቋረጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊያልፍ ይችላል። የግራው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚደክመው ደግሞ የቀኙ ጎን ነው።

አብራት የመጣችው አያት፣ «ወንድ ልጅ ነው፣ ቀስ ብሎ ይደርሳል» ብላ ልታስቀር ሞክራ ነበር። እኔ በስድስተኛው ወር ከተናገርኩት ይልቅ የእሷ አነጋገር የከፋ አልነበረም። ወደ ሆስፒታል ላክናቸው፤ የአንድ ጎን ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር መሆኑ ተነገራቸው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ በግራ እጁ ላይ ካልሲ አጥልቀው ዳቦውንም ሆነ መጫወቻውን በቀኙ በኩል እንዲያቀርቡለት አሳያቸው።

ከዚያ ወዲህ ሚዛኑን ካነበብኩ በኋላ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ነገር በቀኝም በግራም አቀርባለሁ፣ ጣቶቹን እገልጣለሁ፣ እናቲቱንም «ቀድሞ ያደርገው የነበረና አሁን የተወው ነገር አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ያለችኝን እናት በዚያው ቀን ሪፈር አጽፍላታለሁ። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ዕድሜውን ሊወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሬ እቆጥራለሁ።

ልጁ በአሥራ አምስተኛው ወር ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ሲመጣ ገና አልቆመም ነበር። ብስኩት ስሰጠው በግራው ተቀበለኝ፤ እናቱ ግን ፈጠን ብላ ካልሲውን ከቦርሳዋ አወጣች።