ኮኔክሽኑ ለምን ሁለት ጊዜ ተከፈተ?

ከዚራ በሚገኘው ቢሯችን፣ ከጅቡቲ ወደብ ወደ ድሬዳዋ የሚመጡ ኮንቴይነሮችን የሚከታተል ፕሮግራም በስካላ የፕሮግራም ቋንቋ ስንጽፍ ከሁሉ በላይ ያከራከረን፣ ሰርቪሶቹ (እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የሚሠሩት የፕሮግራሙ ክፍሎች) የሚያስፈልጋቸውን ነገር ማን ያቀብላቸው የሚለው ጥያቄ ነበር። የደረሰኙ ሰርቪስ ዳታቤዝ ይፈልጋል፤ የኮንቴይነር መዝገቡም ያንኑ ዳታቤዝ ይፈልጋል፤ ለባለ ዕቃው አጭር መልእክት የሚልከው ደግሞ ሁለቱን ሰርቪሶች ይፈልጋል።

በፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ አንድ ፈንክሽን የሚያስፈልገውን ነገር ራሱ ፈልጎ አያመጣም፤ በግብዓትነት ይቀበላል እንጂ። ሦስት አራት ሰርቪስ ብቻ ላለው ፕሮግራም ከዚህ ያለፈ መሣሪያ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። ሰርቪሶቹ ሲበዙ ግን ላይ ያለው ፈንክሽን ራሱ የማይጠቀምበትን ነገር ለታችኛው ለማቀበል ሲል ብቻ ይሸከማል። ይህን ሸክም ለማቃለል እኛ የመረጥነው ዚዮ የተባለውን የስካላ ላይብረሪ ሌየር ነው። ሌየር አንድ ሰርቪስ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ እሴት ሲሆን፣ ምን እንደሚፈልግ፣ በምን ዓይነት ስህተት ሊወድቅ እንደሚችልና ምን እንደሚያስገኝ በታይፑ (የእሴቱን ዓይነት በሚገልጸው የኮዱ ክፍል) ላይ ሰፍሮ ይገኛል፤ ስለዚህ የጎደለ ነገር ካለ ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት ኮዱን ፈትሾ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ይናገራል።

ኮምፓይለሩ የማይናገረውን ያወቅሁት ድሬ ከሙቀቱ ሸሽታ ሱቋን በምትዘጋበት የቀትር ሰዓት ነው። ዳታቤዙ አዲስ ግንኙነት (ኮኔክሽን) አልቀበልም አለ። ፕሮግራማችን በ6 ቅጂ የሚሠራ ሲሆን እያንዳንዱ ቅጂ 10 ግንኙነት የሚይዝ አንድ ፑል (የተከፈቱ ግንኙነቶች ማከማቻ) ስላለው ድምሩ 60 መሆን ነበረበት፤ የዳታቤዛችን የፖስትግሬስ ነባሪ የግንኙነት ጣሪያ ደግሞ 100 ነው። ኮዱን ስናየው ግን እያንዳንዱ ቅጂ ሁለት ፑል ይከፍት ነበር፤ ይህም 120 ግንኙነት ይጠይቃል።

ዚዮ አንድን ሌየር አንድ ጊዜ ሠርቶ ለፈላጊዎቹ ሁሉ ያጋራል፤ ሁለት ሌየሮች አንድ መሆናቸውን የሚለየው ግን ይዘታቸውን አመሳክሮ ሳይሆን ያው አንድ እሴት መሆናቸውን አይቶ ነው። እኔ የዳታቤዙን ሌየር አንድ ጊዜ ተሠርቶ በሚያዘው በ«ቫል» ፋንታ በተጠራ ቁጥር እንደገና በሚሠራው በ«ዴፍ» ጽፌው ስለነበር በየጊዜው አዲስ ሌየር ይፈጥራል፤ ደረሰኙንና መዝገቡን ከዳታቤዙ ጋር ለየብቻ በእጃችን ስናጣምር ሁለት ጊዜ ተጠራ። (ጥፋቱ የመጣው ከሙከራ ፋይላችን በመገልበጤ ነው፤ እዚያ ለእያንዳንዱ ሙከራ የየራሱን ዳታቤዝ መስጠታችን ትክክል ነበር።) ታይፑ በሁለቱም አጻጻፍ አንድ በመሆኑ ኮምፓይለሩ የሚቃወምበት ምክንያት አልነበረውም።

አንዷን ቃል ቀይሬ ስናስነሳው ቆጠራው ወደ 60 ወረደ። ከዚያ ወዲህ ማጣመሩን በሙሉ ወደ ፕሮግራሙ መግቢያ አዛውረን ለዚዮ ትተነዋል፤ ግብዓት የሚቀበል ሌየር ሲያስፈልገንም ውጤቱን አስቀድመን በአንድ ስም እንይዘዋለን።