ሦስት ጊዜ የመጣው ነስር

የምሠራው በሰሜን ወሎ ደጋ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ ጤና መኮንን ነኝ። እዚህ በበጋ ነስር ብርቅ አይደለም። አየሩ ይደርቃል፣ ልጆች አፍንጫቸውን ይጎረጉራሉ፣ ከምንጭ ጎንበስ ብሎ የጠጣ እረኛም አንዳንዴ አልቅት በአፍንጫው ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ነሰረኝ የሚል ሰው ሲገባ መጀመሪያ የማነሣው ባትሪዬን ነው።

ጥር ላይ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት መጣ። ዘመዶቹ አንጋለው፣ አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ነበር ያደረሱት። አስቀመጥኩትና ወደ ፊት ጎንበስ አደረግኩት፤ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል 15 ደቂቃ ሳልለቅ ያዝኩለት። ማንጋለል ደሙን ወደ ጉሮሮ ይልከዋል እንጂ አያቆመውም፤ ይህን ለስንቱ ነግሬያለሁ! ደሙ ቆመ። በባትሪ አየሁ፤ አልቅት የለም። የደም ግፊቱም ደህና ነው። ውስጡን ቫዝሊን እንዲቀባ ነግሬ አሰናበትኩት። በሳምንቱ ተመለሰ፤ ያንኑ ደገምኩለት።

ሪፈር የሚጻፍለትን ነስር በቃሌ አውቀዋለሁ። 15 ደቂቃ ሁለቴ ተይዞ እምቢ ያለ፣ ደሙ በጉሮሮው የሚወርድ፣ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ በአንድ ወገን ብቻ እየደማ አፍንጫው የሚታፈን ወጣት ወንድ። ይህ ልጅ አንዱም አልነበረበትም። እኔ ዘንድ ያቆየሁትም ለዚሁ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ በሥራው ብዙ ዓመት የምትቀድመኝ ሲስተር አብራኝ ነበረች። ከአፍንጫው በፊት ቀበቶውን አየች፤ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለው።

«አብሽር ልጄ። በመኸሩ ለሥራ ወዴት ወርደህ ነበር?»

«መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ።»

«ትኩሳትስ አለህ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ ማታ ማታ ያተኩሰኛል። ወባ ነው ብዬ ኪኒን ገዝቼ ዋጥኩ።»

አስተኝታ ሆዱን ዳሰሰችና እጄን ይዛ እዚያው አሳረፈችው። ጣፊያው ከግራ ጎድኑ ሥር ወጥቶ እምብርቱ ጋ ደርሷል። ሁለቴ ተቀብዬው አንድም ቀን ሆዱን አልነካሁም ነበር።

ካላዛር ነው ብለን ጠረጠርን። ቆላ ወርዶ በዋልካው መሬት፣ ከግራር ሥር የሚያድረውን ሠራተኛ የአሸዋ ዝንብ ነክሳ በሽታውን ታስተላልፍበታለች፤ ሕመሙ የሚወጣው ከወራት በኋላ፣ አገሩ ከገባ ወዲያ ነው። ያበጠው ጣፊያ ደም የሚያረጋውን ሕዋስ፣ ፕሌትሌቱን፣ ይይዘዋል፣ መቅኔውም ይዳከማል፤ ደሙ እንደልብ አይረጋም። ካልታከመ ይገድላል። እኔ ለዚህ ልጅ ቫዝሊን ነበር የሰጠሁት። ይህን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል።

ምርመራው እኛ ጋ ስለሌለ በዚያው ቀን ሪፈር ጻፍኩለት፤ የትኩሳቱን ጊዜ፣ የጣፊያውን መጠን፣ መተማ መክረሙንም ጨምሬ። ሆስፒታሉ አረጋገጠ። 17 ቀን በየቀኑ መርፌ ተወግቶ ዳነ።

ሰኔ ላይ ወፍሮ መጣ፤ ለአረም ሊወርድ ነው፣ አጎበር ፈልጎ። ሰጠሁት። «ማደሪያው ግን ያው ግራሩ ሥር ነው» አለኝ። ትኩሳት ከጀመረው ወይም አንዴም ቢነስረው ውሎ ሳያድር እንዲመጣ ነገርኩት፤ ካርዱ ላይም፣ እኔ ባልኖር ሌላው እንዲያየው፣ በቀይ እስክሪብቶ «መተማ» ብዬ ጻፍኩ።