ጎንደር ላይ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ስንት ያወጣል?

ያገለገለ ኮሮላ ሲገዛ የሚጠየቀው የታወቀ ነው፦ ሞዴሉ ስንት ነው፣ ስንት ኪሎሜትር ተነድቷል፣ ቀለሙ የፋብሪካ ነው ወይ። በኤሌክትሪክ መኪና እነዚህ ሁሉ ተጠይቀውም ትልቁ ነገር ገና አልተነካም። ከምትከፍሉት ብር ሰፊው ድርሻ ያለው ከወለሉ ሥር በተዘረጋው ባትሪ ውስጥ ነው። አንድ ዓይነት ሞዴል፣ አንድ ዓይነት ዓመት የሆኑ ሁለት መኪኖች አንዱ 95 በመቶ፣ ሌላው 82 በመቶ አቅም ይዘው ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ፤ ከውጭ የሚለያቸው የለም።

ሻጭ ወይም ደላላ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ የተደረገ መኪና ዳሽቦርድ ላይ «500 ኪሎሜትር» የሚል ቁጥር ነው። በዚህ ቁጥር ዋጋ አትቁረጡ። የቻይናው ቢዋይዲ መኪኖች ላይ ለምሳሌ ርቀቱ በሁለት መንገድ ይታያል። አንደኛው የቻርጁን መቶኛ በካታሎጉ ርቀት እያባዛ ብቻ ስለሚያወጣው ባትሪው ቢደክምም ቁጥሩ ያው ነው። ሌላኛው በቅርቡ እንዴት እንደተነዳ አይቶ የሚገምት ነው። የካታሎጉ ርቀት ራሱ በቻይናው የሲኤልቲሲ መለኪያ የተወሰደ ነው፤ መለኪያው ዝግ ባለ ፍጥነት ላይ ያደላል። አገር አቋራጭ መንገድ ላይ በ90 ስትነዱ ከዚያ 70 ወይም 75 በመቶውን ጠብቁ።

ትክክለኛው ፈተና ያለው የቤታችሁ ቆጣሪ ላይ ነው። ባትሪው 20 በመቶ እስኪደርስ ይነዳ። ማታ ሌሎቹን የቤት ዕቃዎች አጥፍታችሁ ወይም በቻርጀሩ መስመር ላይ ትንሽ መለኪያ ሰክታችሁ የቆጣሪውን ንባብ ጻፉ፤ መኪናው 100 ሲሞላ እንደገና ጻፉ። በቤት መብራት ሲሞላ ከቆጣሪው ከሚወጣው ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ በሙቀት ይባክናል፤ 12 ብለን እንያዝ። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ ከ20 እስከ 100 ለመሙላት 48 ያስፈልገዋል፣ ቆጣሪው ላይ 54 ወይም 55 ይነበባል። 46 ብቻ ካነበባችሁ፣ 46 ሲባዛ በ0.88፣ ሲካፈል ለ0.8፣ 50.6 ይመጣል፤ የቀረው አቅም 84 በመቶ ነው ማለት ነው። ሁለት ሦስት በመቶ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል፤ ካታሎጉ የሚጽፈው ጠቅላላ አቅምም በሥራ ላይ ከሚውለው ትንሽ ይበልጣልና አዲስ መኪናም 100 ላያወጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። በ16 አምፔር የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር 3.5 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል፤ ከላይ ያልነው መኪና ጤነኛ ሳለ 15 ሰዓት ተኩል የሚፈጅበት ሲሆን የደከመው በ13 ሰዓት ይሞላል። «ይሄ እኮ ቶሎ ይሞላል» ተብሎ የሚወደሰው ያ ነው። ያነሰ ዕቃ ቶሎ ቢሞላ ምን ይገርማል። ማታ ማታ ቮልቴጅ ስለሚወርድ ሰዓት መቁጠር ብቻውን ያሳስታል፤ የምትቆጥሩት ኪሎዋት ሰዓት ይሁን። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋም ሒሳቡ አይበላሽም፤ ሲመጣ ቻርጁ መቀጠሉን ብቻ እዩ።

የቅርብ ጊዜ የቢዋይዲ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪ ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። የዚህ ዓይነት ባትሪ ቮልቴጅ ከሞላ ጎደል ሳይለዋወጥ ስለሚቆይ መኪናው መቶኛውን መሐል ላይ በትክክል ማወቅ ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ልኬቱ ትክክል እንዲሆን እስከ 100 መድረስ የግድ ነው። መቶኛው ከ30 ድንገት ወደ 18 የሚዘል ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሉ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከዚያ በኋላም ከዘለለ የደከመ ሴል፣ ማለትም ባትሪው ከተሠራባቸው ክፍሎች አንዱ የደከመ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛውን ፈተና የከተማችን አቀማመጥ በነፃ ይሰጣል። ባትሪው ከ20 እስከ 25 በመቶ ሳለ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ጠንከር አድርጋችሁ ውጡ። ደካማ ሴል ያለበት መኪና ጉልበት ይቀንሳል፣ ጉልበቱ መገደቡን የሚናገር የኤሊ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ ሊያበራም ይችላል። ሲወርድ ደግሞ ፍሬን ሳይነካ ወደ ባትሪው ኃይል ሲመልስ እዩ። ፒያሳ ላይ 100 ሞልቶ ቁልቁል የጀመረ መኪና ግን ኃይሉን መመለሻ ቦታ ስለሌለው ፍጥነቱን አይዝም፤ ይሄ ብልሽት አይደለም።

ጋራዥ አስገብታችሁ ከስር ማየት አትዝለሉ። ኮብልስቶንና የተቦረቦረ መንገድ የባትሪውን ሳጥን ይመታል። ጭረት ችግር የለውም፤ ወደ ውስጥ የገባ ጉድጓድ፣ የተፈታ ምልክት ያለው ብሎን፣ የፈሰሰ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ካለ ግን ተመለሱ። ማቀዝቀዣው የየራሱ ዓይነት አለው፤ የቧንቧ ውኃ የተጨመረበት ከሆነ በተለይ ተጠንቀቁ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማ ሽቦዎች ማንም እንዳይነካ። ፊት ያለው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ከሞተ ደግሞ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም።

ጎማ ሌላ ወጪ ነው። ፎልክስዋገን አይዲ 4 ባለ 19 ኢንች ከሆነ ፊቱ 235/55፣ ኋላው 255/50 ነው፤ ፊትና ኋላ ማለዋወጥ አይቻልም፣ ብዙዎቹም ስኮርታ ጎማ የላቸውም። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች፣ ለምሳሌ 2322፣ የ2022ን 23ኛ ሳምንት ይናገራሉ። የሻንሲ ቁጥሩ 10ኛ ፊደል የሞዴል ዓመቱን ይነግራል፦ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024። ሻጩ «የ15 ሞዴል» ካላችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ፤ ሰባት ስምንት ዓመት ብዙ ብር ነው።

የቻርጅ ሶኬቱ የቻይናው ጂቢ/ቲ ይሁን ሌላ እዩ፤ ቻርጀሩም አብሮ ይምጣ። ቤታችሁ ኧርዝ ከሌለው ብዙው ቻርጀር እምቢ ይላል። ለ16 አምፔር 4 ሚሜ ስኩዌር ሽቦ በራሱ ብሬከር ይዘርጋላችሁ። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚወስድ እንጀራ እየተጋገረ ቻርጅ አታድርጉ።

የሚሞቅ መቀመጫና የቻይና ኔትወርክ የሚፈልጉ አገልግሎቶች እዚህ ዋጋ የላቸውም፤ አትክፈሉባቸው። ከመኪናው ወደ ውጭ መብራት የማውጣት አቅም ግን መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ያሠራል፤ ማውጫ ገመዱ መኖሩን አረጋግጡ። ደባርቅ ወይም ባሕር ዳር የምትመላለሱ ከሆነ ትልቅ ባትሪ ይገባችኋል። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚዞር እንደ ቢዋይዲ ሲጋል ያለው ትንሽ መኪና፣ ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓትም አይከፋም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። መነሻው ሻጩ የገዛበት አይሁን፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ የድሮ ደረሰኝ ለድርድር አይረዳም። ተመሳሳዩ አዲስ መኪና ዛሬ ስንት እንደሆነ አጣሩ። ለምሳሌ 4 ሚሊዮን ብር ይሁን። የእኔ ስሌት ከአዲሱ ዋጋ ላይ ለመጀመሪያው ዓመት 10 በመቶ፣ ለቀጣዮቹ በየዓመቱ 7 በመቶ ይቀንሳል፤ የሦስት ዓመት መኪና 960,000 ወረደ። የባትሪው አቅም ከ95 በታች ለወረደበት እያንዳንዱ በመቶ ደግሞ የአዲሱን ዋጋ አንድ በመቶ ይቀንሳል፤ 84 ከሆነ 440,000። 2,600,000 ቀረ። ጎማ፣ ቻርጀርና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ካስፈለገ ከዚህ ይነሣል፤ ከአዲስ አበባ ከሆነ 730 ኪሎሜትር ገደማ የማስጫኛው ዋጋም ይነሣል። ከአራት ዓመት በታች ሆኖ አቅሙ ከ80 የወረደ መኪና ግን በምንም ዋጋ አልመክርም፤ እንደዚያ የሚያደርገው ዕድሜ ሳይሆን ብልሽት ነው።

ሊብሬውን ከሻንሲው ጋር አመሳክሩ፣ የባንክ እገዳ እንደሌለበት በመንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ዕዳው ወደ እናንተ እንዳይዞር ዲክላራሲዮኑን እዩ። ሁለቱን ቁልፎች ተቀበሉ፣ የቀድሞው ባለቤት ስልክ ከመኪናው አፕ መነቀሉን ፊታችሁ ላይ ያሳያችሁ፤ የመጨረሻውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ልቀቁ።