መዋጮውን ልክፈል ወይስ ልተው? የአንዲት ሳንቲም ሰብሳቢ ሒሳብ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ደወለልኝ። «እህቴ፣ የመጪውን ዓመት መዋጮ መቼ ትከፍያለሽ?» አለኝ። ሲጠይቀኝ የሚለምነኝ ይመስል ነበር። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር ግን አስቤ ጨርሻለሁ። አልከፍልም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የድሮ ሳንቲም፣ የብር ኖትና ቴምብር የምንሰበስብ ሰዎች ትንሽ ማኅበር አለችን። መዋጮው በዓመት 600 ብር ነበር። በወር አንዴ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ በተከራየናት አንዲት ክፍል እንሰበሰብ ነበር። ክፍሏ ከመቀዝቀዟ የተነሳ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጋቢ ሳይደርቡ መቀመጥ አይቻልም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ አንድ ብርድ ልብስ እንኳ ያላት ማኅበር አይደለችም።

እኔ የገባሁት በ2013 ነው። የባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ያ ዓመት ምን እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መስከረም ላይ አሥሩ፣ ሃምሳውና መቶው ብር ተቀይሮ ባለ 200 ብሩ አዲስ ወጣ። ሰልፉ ከበር አልፎ አስፋልት ይወጣ ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት ከፍራሽ ሥር ያወጡትን ገንዘብ በጨርቅ ቋጥረው መጡ። ቋጠሮውን ስፈታ አንዲት ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። የጃንሆይ ሽልንግ ነበረች፣ ባለ ሃምሳ ሳንቲሟ፣ ከብር ማዕድን የተሠራችው። «ይቺንስ ትቀይሩልኛላችሁ?» አሉኝ። አንቀይርም አልኳቸው። መልሰው ኪሳቸው ከተቷት። የዚያች ሳንቲም ድምፅ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ማታ ቤት ገብቼ የአያቴን ሣጥን ከፈትኩ። ሁለት ስሙኒ አገኘሁ። ሁለቱም 1936 ይላሉ። አንዷ ክብ ናት፤ የሌላዋ ጠርዝ ግን እንደ አበባ ቅጠል ገባ ወጣ ያለ ነው። ተበላሽታ መሰለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ስለ ማኅበሩ የነገረኝ ያኔ ነው።

እዚያ የጠበቁኝ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ብቻ ነው የምንላቸው። ሁለቱን ስሙኒዎች መዳፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «አልተበላሸችም የእኔ ልጅ። መጀመሪያ ክብ ነበረች፤ ኋላ ነው ጠርዟን ያበጁት» አሉኝ። ቀጥለውም 1936 የሚለው ቁጥር ሳንቲሟ የተቀረጸችበትን ዓመት በትክክል እንደማይነግረኝ፣ ያው ዓመተ ምሕረት ተይዞ ለብዙ ዓመታት እንደተመታ አስረዱኝ። በአንድ ቁጭታ ይህን ሁሉ ሰምቼ ስወጣ 600 ብሩ ርካሽ መሰለኝ።

በዚያ ዓመት የገባሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ብር ሲቀየር ሰው ሁሉ አሮጌ ኖት ደብቆ ያስቀር ጀመር። «የዛሬ አሥር ዓመት ሚሊዮን ያወጣል» የሚል ወሬ ነበር። አባሎቻችን 31 ደረሱ። ወንበር አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ሻይ ቤት እንዋስ ነበር። ያረጀ መቶ ብር ሚሊዮን እንደማያወጣ ሲገባቸው ግን አንድ በአንድ ጠፉ። በሚሊዮኖች የታተመ ነገር ብርቅ ሊሆን አይችልማ! ጋሼ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይናገሩ ነበር፤ ግን ማን ይሰማል።

ከዚያ መንገዱ አላስኬድ አለ። ከመንዝ፣ ከእነዋሪ፣ ከሸዋ ሮቢት ይመጡ የነበሩ አባላት ለአንድ እሁድ ስብሰባ ብለው መንገድ የሚወጡበት ጊዜ አልፏል። አልፈርድባቸውም። ወጣቶቹ ደግሞ ሁሉን ነገር በቴሌግራም ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ። ፎቶ ይለጠፋል፣ ዋጋ ይጻፋል፣ አለቀ። ማን ብሎ ነው በብርድ ተቀምጦ ስለ ምኒልክ አላድ፣ ስለዚያች የግማሽ ብር ሳንቲም፣ የሚያወራው?

በዚህ ላይ ጠብ መጣ። ሁለት አባላት በአንድ ጠገራ፣ በድሮ የብር ሳንቲም፣ ተጣሉ። አንዱ ሸጠ፣ ሌላው ገዛ፣ ከዚያ «አታለልከኝ» ተባባሉ። ሊቀመንበሩ ማስታረቅ ሲገባው ከአንዱ ወገነ። ሦስት ሰው ጥሎ ወጣ። እኔ በዚያ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ይህንን ቆይቼ ነው የተጸጸትኩበት።

እንግዲህ ነሐሴ ላይ ስልኩ ሲደወል ሆዴ ውስጥ የነበረው ይህ ሁሉ ነው። ባለቤቴም አላገዘኝም። «ዕድር ቢሆን ስትሞቺ ይቀብርሻል። ዕቁብ ቢሆን ዕጣ ይደርስሻል። ይኼ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

መልስ ማጣቴ አናደደኝና አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። የገንዘብ ሰው ነኝ፤ የሚቀናኝ እሱ ነው። ከ12 ስብሰባ የተገኘሁት በ4ቱ ብቻ ነው። ማኅበሩ ሞተ እያልኩ የማማው እኔ ስምንት ጊዜ ቀርቻለሁ። ይህን ሳይ ትንሽ አፈርኩ። ቀጥዬ ደግሞ ማኅበሩ ባይኖር የማጣውን ጻፍኩ። ሳንቲም መግዛት? ያለ እነሱም እገዛለሁ። አልበም? ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። ወዳጅነት? ሁለቱ የምወዳቸው ሰዎች ቤቴ ይመጣሉ። ወረቀቱ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ያቺ የውሸት ማርትሬዛ ትዝ አለችኝ።

በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ሰው «የአያቴ ናት» ብሎ ማርትሬዛ፣ ያቺን የኦስትሪያዋ እቴጌ የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለባትን ትልቅ የብር ሳንቲም፣ ሸጠልኝ። ማንንም አላማከርኩም። እንደ ትልቅ ሰብሳቢ ሆኜ ተገኝቼ ላስገርማቸው ነበር ሐሳቤ። የሁለት ወር ቁጠባዬን ከፈልኩ። እሁድ ይዣት ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ጋሼ ምንም አላሉም። ከቦርሳቸው ያቺን ትንሽ ሚዛን አወጡ። ደህናዋ ማርትሬዛ 28 ግራም ከጥቂት ትመዝናለች። የእኔዋ 23 ሆነች። ከዚያ ጠርዟን አሳዩኝ። በእውነተኛዋ ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» ማለት የሆነ የላቲን ጽሑፍ ዙሪያውን ይሄዳል። በእኔዋ ጠርዝ ላይ የሞረድ ጭረት እንጂ ፊደል የለም። በመጨረሻም የእቴጌዪቱን የደረት ጌጥ በአጉሊ መነጽር እንዳይ ሰጡኝ። «የድሮ ሰው እነዚህን ዕንቁዎች ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። ዘጠኝ መሆን አለባቸው። ቁጠሪያቸው» አሉኝ። መቁጠር አልቻልኩም፤ ተጣብቀው እንደ ቀለጠ ሻማ ሆነዋል። በሻጋታ የተቀዳች ነበረች።

ማርትሬዛ የምትባለው ነገር ራሷ አስቂኝ ናት። ሁሏም ላይ የተጻፈው ዓመት በፈረንጆች 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። ከዚያ በኋላ ግን በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ እየተመታች ወደ እኛ ጎርፋለች። ስለዚህ የውሸት የሚባለውና የእውነት የሚባለው ድንበር ለጀማሪ ጭንቅላት ያዞራል። ይህን በፎቶ የሚያስተምር ሰው አላጋጠመኝም። በእጅ መያዝ፣ መመዘን፣ ከደህናዋ ጎን ማስቀመጥ ይፈልጋል።

ሁለተኛውን ጥፋቴን ደግሞ ልናዘዝ። የምኒልክ አላዴን በጥርስ ሳሙና አጥቤያታለሁ። እንደ አዲስ ማንኪያ አብለጨለጨች። ጋሼ ሲያዩዋት ፊታቸው ነው የተለወጠው። የመቶ ዓመት ጥቁረቷን፣ ያ ሰብሳቢ የሚወደውን፣ በአምስት ደቂቃ አጥፍቼው ነበር። አሁንም አልበሜ ውስጥ አለች። እያየኋት እጄን እሰበስባለሁ።

እናም ወረቀቱ ላይ «ሚዛን፣ ዓይን፣ ማስታወሻ» ብዬ ጻፍኩ። ማስታወሻ ያልኩት የጋሼን ደብተር ነው። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ወደ ጠረጴዛው የመጣ እያንዳንዱ ሳንቲም እዚያ ላይ ተጽፏል። ክብደቱ፣ የምኒልክ ብር ከሆነም የአንበሳው ከፍ ያለ እግር ቀኙ ይሁን ግራው፣ ማን ከየት እንዳመጣው። «ከመንዝ፣ ከእናት የተወረሰ።» «ከአልዩ አምባ፣ ከግንብ ሥር የተገኘ።» አልዩ አምባ እኮ በነገሥታቱ ዘመን የአንኮበር ትልቁ ገበያ ነበር፤ አሞሌ ጨውና ጠገራ ጎን ለጎን የሚሄዱበት። በየቤቱ የነበረው ጠገራ ደግሞ አብዛኛው በአንጥረኛ እሳት ቀልጦ መስቀልና ድሪ ሆኗል። ስለዚህ የቀረው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ደብተር ከሳንቲሙ አይተናነስም። በአንድ ሽማግሌ ቦርሳ ውስጥ መሆኑ አስፈራኝ።

ገንዘብ ያዡን መልሼ ደወልኩለት። «ከመክፈሌ በፊት ሒሳቡን ማየት እፈልጋለሁ» አልኩት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። «ነይ በናትሽ፣ የሚያይልኝ ሰው ነው ያጣሁት» አለኝ።

አየሁት። በመዝገብ 31 ሰው አለ። የከፈለው 9 ነው። 9 ጊዜ 600፣ 5,400 ብር። የክፍሏ ኪራይ ብቻ በወር 700። በዓመት 8,400 ማለት ነው። የጎደለውን 3,000 ብር ማን ሞላው ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ። ከራሱ ኪስ ነበር። በካዝናው ውስጥ ቤሳ ቤስቲን የለም። (ቤሳም ገንዘብ ነበረች፤ አሁን የቀረችው በአባባል ብቻ ነው።) ሁላችንም ማኅበሩን የጣለው የሰው ፍቅር ማጣት ነው ስንል ከርመናል። ግማሹ ጣጣ ግን በወር ለአራት ሰዓት ብቻ የምንቀመጥባት ቀዝቃዛ ክፍል ነበረች።

መስከረም በገባ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሰባት ሰው ተገኘ። ተናገርኩ። በሕዝብ ፊት መናገር አልወድም፤ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ክፍሏን እንልቀቅ፣ መዋጮው 300 ይሁን፣ የገንዘብ ያዡ ዕዳ ቀስ እያለ ይመለስለት አልኩ። ሊቀመንበሩ «ቢሮ የሌለው ማኅበር ምን ማኅበር ነው?» አለ። «ዕድር የሚሰበሰበው በድንኳን አይደለም ወይ?» አሉት ጋሼ። በዚህ ተቋጨ።

ከባዱ የደብተሩ ነገር ነበር። ማኅበሩ ቢፈርስ ሚዛኑ፣ መጻሕፍቱና ደብተሩ የማን ይሆናሉ? ደንባችን ስለዚህ አንድ መስመር የለውም። ጋሼን ይህን መጠየቅ «ቢሞቱስ?» እንደማለት ነው። አልደፈርኩም፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያነሱት። «ልጆቼ ወረቀት ነው ብለው ያቃጥሉታል» አሉ። ደብተሩ ገጽ በገጽ ፎቶ እንዲነሳ፣ ማኅበሩ ከፈረሰ ዋናው ለከተማው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ፎቶ የማንሣቱ ሥራ የማን ሆነ? የተናገረ ሰው ይሠራዋላ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ያዝኩ። አንድ አባል የአክሱም ዘመን ሳንቲም እናገበያይ፣ ኮሚሽን እንውሰድ፣ ገንዘብ ይገኝበታል አለ። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ነው። ከመሬት የተቆፈረ ነገር ወደ ጠረጴዛችን ከመጣ እኔ ወንበሬን ትቼ እወጣለሁ አልኩ። አንድ ሰው አኮረፈ። ያኩርፍ።

300 ብሬን እዚያው ከፈልኩ። የደረሰኝ ቁጥሬ 4 ነው። ለባለቤቴ ሳሳየው «ግማሽ ዋጋ አስደረግሻቸው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ለመልሱ አሁንም ቃል አላገኘሁለትም። ደብተሩን አንድ ማታ ቤት ይዤ ስመጣ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ሲያገላብጥ አገኘሁት። የአባቱን አገር ይፈልግ ነበር።

አሁን የምንሰበሰበው ወንበር እንዋስበት በነበረው ሻይ ቤት ነው። ኪራይ የለም፤ ጦስኝ ሻይ እስካዘዝን ድረስ ባለቤቷ አታስነሣንም። ባለፈው እሁድ አንድ ወጣት ከጎን ጠረጴዛ ተነሥቶ መጣና ከስልኩ ልባስ ውስጥ አንዲት ሽልንግ አወጣ። «ይቺ ስንት ታወጣለች?» አለ። ጋሼ ዋጋውን አልነገሩትም። «በመጀመሪያ ከየት እንዳገኘሃት ንገረኝ» አሉትና ሚዛኑን ዘረጉ። እኔ እስክሪብቶ አወጣሁ።

ለሚቀጥለው ነሐሴ ለማንም ቃል አልገባሁም። ደብተሩ 212 ገጽ ነው፤ እስካሁን ፎቶ ያነሣሁት 40ውን ብቻ ነው።