የጣሳ ቢራ ላይ ሆፕስ መጨመር

ቤት ውስጥ ቢራ ለመጥመቅ በጣሳ የሚሸጠው፣ ለ23 ሊትር የሚሆነው 1.7 ኪሎ የብቅል ሽሮፕ ምሬቱን ከፋብሪካ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሚጎድለው መዓዛ ነው። ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ) መቀቀል ምሬት ይጨምራል እንጂ ሽታውን በእንፋሎት ያባርረዋል። ጌሾም ያመራል፣ ይህን መዓዛ ግን አይሰጥም።

የሚያዋጣው መጨረሻ ላይ መዘፍዘፍ ነው። ሃይድሮሜትሩ (በቢራው ውስጥ የቀረውን ስኳር የሚያሳየው መለኪያ) ሁለት ቀን ያንኑ ቁጥር ሲያሳይ፣ ማለትም መፍላቱ ሲያበቃ፣ 40 ግራም ካስኬድ የተባለ የሆፕስ ዓይነት በተቀቀለ የጨርቅ ከረጢት ለ3 ወይም ለ4 ቀን ይነከራል። ከረጢቱ ሰፋ ይበል፤ ሆፕስ ሲርስ ያብጣል፣ ከታጨቀ መሃሉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። አታማስሉት፣ ክዳኑንም ቶሎ ግጠሙ፤ አየር ከገባ መዓዛው ይጠፋል፣ ቢራውም ይጠቁራል። ሆፕሱ የተረፈውን ስኳር ሰባብሮ እርሾውን ዳግም ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ጠርሙስ ውስጥ ከመሙላታችሁ በፊት እንደገና ለኩ። አለዚያ ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ሆፕስ በትንንሽ ፓኬት ውድ ነው። ተለቅ ያለውን ገዝቶ፣ አየሩን አስወጥቶ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ገንዘብ ከተረፈ ግን ሁለተኛ ፓኬት ሆፕስ አትግዙ፤ ከጣሳው ጋር የሚጨመረውን 1 ኪሎ ስኳር በሚሟሟ የብቅል ዱቄት ተኩት። ቢራው ውሃ ውሃ ማለቱን የሚተወው ያኔ ነው።