ሂስታሚን፣ ጉበቴና የሁዳዴ ጾም

ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ አፍንጫዬ እንደለመደው ተዘግቷል፣ የአለርጂ ኪኒኔ ሴትሪዚኗ ኮመዲኖ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ከዋጥኳትም ከ6 በፊት ነው፣ ከዛ በኋላ ጾም ነው። ሳይነስ ያለበት ሰው ያውቀዋል፣ አቧራ ሲነሳ አንድ ብርድ ሲሆን አንድ እያልኩ ዓመታት አለፉ፣ ሂስታሚን (አለርጂ ሲነሳ ሰውነት የሚለቀው ኬሚካል) ማለት ለኔ የሚያስነጥስ የሚያሳክክ ጠላት ነበር በቃ።

ባለፈው ወር ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ተነስቼ ጉበትህ ላይ ስብ አለ ተባልኩ። ትራይግሊሰራይድ (ደም ውስጥ ያለው ስብ) 240፣ ከ150 በታች መሆን ነበረበት። ስጋ እንኳን አላበዛም እኮ! ከዛ ማታ ማታ ስለ ጉበት ሳነብ ሳነብ ማን ጋ ብደርስ ጥሩ ነው፣ ሂስታሚን ጋ።

በፈረንጆቹ 2019 ካሊፎርኒያ ኧርቫይን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አይጦችን አስርበው ያዩት ነገር ነው የገረመኝ። ሆድ ባዶ ሲሆን ሰውነት ያጠራቀመው ስብ ይለቀቅና ጉበት ይገባል፣ ጉበት ደግሞ አቃጥሎ ኪቶን ያደርገዋል፣ ለአንጎልም ለልብም ነዳጅ። ታዲያ ጉበቱን ተነስ ስራ ከሚሉት አንዱ ማስት ሴል የሚባለው የበሽታ መከላከያ ህዋስ ነው፣ ያው እኔን የሚያስነጥሰኝ! ሂስታሚን ይለቃል፣ ሂስታሚኑ ከአንጀት ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ስር ገብቶ ኤች 1 የሚባለውን ተቀባይ ይነካል፣ ጉበቱም ኦሊኦይልኢታኖላማይድ (ስሙን ጠርቶ ለመጨረስ ራሱ ይርባል) የሚባል ሞለኪውል ይሰራል፣ እሱ ደግሞ ፒፓር አልፋ የሚባለውን የጉበት ህዋስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ቀስቅሶ ስብ ማቃጠሉን ያፋጥነዋል። ፌኖፋይብሬት የሚባለው የትራይግሊሰራይድ መድኃኒትም የሚቀሰቅሰው ይችኑ ፒፓር አልፋ ነው። የኔዋ ሴትሪዚን የምትዘጋው ደግሞ ምኑን መሰላችሁ፣ ኤች 1ን።

እዚህ ጋ ስደርስ ደነገጥኩ፣ ቀን እስከ 9 ሰዓት እየጾምኩ ማታ የጉበቴን ደወል እየዘጋሁ ነው ማለት ነው ብዬ። ግን ሂስታሚንም ጻድቅ አይደለም፣ ጃፓኖቹ ደም ስራቸው ስብ እንዲይዝ ተደርገው በተፈጠሩ አይጦች ላይ ሂስታሚን መስራትን ሲያጠፉ ኮሌስትሮሉ ጨምሮ ደም ስር ላይ የሚጋገረው ግን ቀነሰ። ይሄን የሰማ ሰው ምን ይበል?

ለዶክተሬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሳቀብኝ። «አንተ አይጥ ነህ እንዴ? መድኃኒትህን ውሰድ፣ ይልቅ 9 ሰዓት ላይ ስትቀምስ ምንድነው የምትበላው?» አለኝ። ሁለት ሳምቡሳ፣ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ ሶስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ… ሶስተኛው ላይ ድምፄ ቀነሰ። እሱም ዝም ብሎ ጻፈ።

5:52። አሁን ሶስቴ አስነጠስኩ፣ እማዬ ከወዲያኛው ክፍል «ይማርህ፣ ያቺን ኪኒን ዋጣትና ተኛ!» አለችኝ። ዋጥኳት።