እግሬ ያስታወሰውን አጥንቴ ረስቶት ነበር

«ራጁ ንጹሕ ነው። ሕመሙ እስከፈቀደልዎት ድረስ መደነስ ይችላሉ።»

ይህን ያለኝ ሐኪም ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም። እኔም በግራ እግሬ እያነከስኩ አመስግኜው ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ምስጋና ነው።

ደብሊን የገባሁት በሰባት ዓመቴ ከእናቴ ጋር ነው። በዓመቱ የጎረቤታችን ሴትዮ ከልጇ ጋር ወደ ሰበካው አዳራሽ ወስዳ የአይሪሽ ዳንስ አስመዘገበችኝ። ዳንሱ በ1994 እ.ኤ.አ. እዚያው ደብሊን በዩሮቪዥን፣ በአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር መድረክ፣ ለዓለም ከታየ ወዲህ ልጅ ሁሉ የሚጎርፍበት ትምህርት ነበር። እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ተወዳደርኩ። ውድድሩን እነሱ ፌሽ ይሉታል፤ ቅዳሜ በሌሊት ተነስቶ ሌላ ከተማ ድረስ መንዳት፣ አዳራሽ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል መደነስ ማለት ነው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራ፣ ትዳር መጣ። የተመለስኩት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

ቀላሉን በአጭሩ ልጨርሰው። አዋቂዎችን የሚያስተምር ክፍል በአንድ የስልክ ጥሪ ይገኛል። ምዝገባው አንድ ቅጽ ነው። ቀሚስ ያገለገለ ግዙ፤ በሚያብረቀርቅ ጠጠር የተሸፈነውን ለልጆቹ ተዉላቸው። ካልሲ ቁልቁል እንዳይንሸራተት ቆዳ ላይ የሚቀባውን ሙጫ አትርሱ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። ዊግ ግን አትግዙ። መምህራን «የተሟላ ገጽታ» እያሉ ይመክራሉ። እኔ ፈጣሪ የሰጠኝ ጥቅልል ፀጉር እያለኝ፣ ልጅነቴን ሙሉ በላዩ ላይ የናይሎን ጥቅልል በመርፌ ቁልፍ ስሰካ ኖሬአለሁ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያናድደኛልም።

የመጀመሪያው ምሽት ያታለለኝ ምሽት ነው። አኮርዲዮኑ ሪል የሚባለውን ፈጣን የዳንስ ዜማ ጀመረ፤ እንደ ደንቡ መግቢያውን ስምንት ባር ቆሜ ጠበቅኩ፤ ከዚያ እግሬ ሳላዘው ሄደ። በቀኝ የተሠራው እርምጃ በግራ ይደገማል፤ ግራዬም አልረሳም። ሳንባዬ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ወናፍ ይነፋ ነበር፤ እሱም በስድስተኛው ሳምንት ተመለሰ። የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ኮራሁ።

የቸገረኝ ትከሻዬ ብቻ ነበር። በዚህ ዳንስ ከወገብ በላይ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ክንድ ወደ ታች ተዘርግቶ ይቀራል። እኔ ደግሞ በእነዚያ አሥራ አምስት ዓመታት የሐበሻ ሠርግ አላመለጠኝም። ጂግ የሚባለው ሌላው ዳንስ የሚደነስበት የስድስት ስምንተኛ ምት ከእኛ ችክችካ ብዙም አይርቅም፤ ሙዚቃው ሲሞቅ ትከሻዬ እስክስታውን ይጀምራል። እናቴ በልጅነቴ ስታየኝ «እግርሽስ ይሁን፤ ትከሻሽን ማን አሰረብሽ?» ትለኝ ነበር። አሁን መምህሬ በየሳምንቱ «ትከሻ!» ትለኛለች። ሁለቱን ማስታረቅ አልተቻለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ዳንሱ ለስላሳና ጠንካራ የሚባሉ ሁለት ጫማዎች አሉት። የጠንካራው ጫፍና ተረከዝ ፋይበርግላስ ነው። ወለሉን ሲመታ ያስተጋባል፤ ሰው በዚህ ዳንስ የሚለከፈውም በዚያ ድምፅ ነው። መምህሬ «አንድ ወር በለስላሳው ጫማ፤ ከዚያ ትሬብል ጂግ በ92» አለችኝ። ትሬብል ጂግ በጠንካራው ጫማ የሚደነሰው ጂግ ነው። ቁጥሩ የሜትሮኖም፣ የምት መቁጠሪያው መሣሪያ፣ ፍጥነት ነው፤ 92 የጀማሪዎች ነው፣ በሻምፒዮና ደረጃ የሚደነሰው በ73 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን ሙዚቃው በዘገየ መጠን በመካከሉ የሚሞላው ቦታ ይሰፋል፣ ያ ቦታ ደግሞ በምትና በዝላይ ነው የሚሞላው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ በ73 እደንስ ነበር። በ92 ከጀማሪዎች ጋር መሰለፍ ውርደት መሰለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጫማውን ገዛሁ። በአራተኛው በ73 እደንስ ነበር፤ መምህሬ በማታይበት፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ።

የወጥ ቤቴ ወለል ሴራሚክ ነው፤ ከሥሩ ኮንክሪት አለ። አንድ ገበታ ኮምፔንሳቶ ገዝቼ አነጠፍኩበትና የተጠነቀቅኩ መሰለኝ። ኮንክሪት ላይ የተነጠፈ ኮምፔንሳቶ ሴራሚኩን ነው የሚያድነው፤ እግርን አያድንም። በየምሽቱ አርባ ደቂቃ ደበደብኩት። የታችኛው ቤት ጎረቤቴ ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት እየመታ ሲመልስልኝ በልቤ እረግመው ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ትክክለኛ ምክር የሰጠኝ ሰው ግን እሱ ነው።

ወቅቱ ደግሞ ሁዳዴ ነበር። ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ ከሥራ መልስ ሽሮ በልቼ እዘላለሁ። የክረምቱ ጨለማም ገና አልለቀቀም። ጠቆር ያለ ቆዳ በሰሜን አገር ክረምት ከፀሐይ የሚያገኘው ቫይታሚን ዲ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህን ለሐበሻ ደንበኞቼ ስነግር ነው የምውለው፤ ምክንያቱም ሥራዬ ፋርማሲ ውስጥ ነው። እንክብሉ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ እኔ ራሴ አንድ ቀን አልዋጥኩም። በኋላ ይህን ሳወራ እናቴ ተቆጣች፤ «ጾሙን ነው የምትወቅሺው?» አለችኝ። ጾሙንስ አልወቅስም። ጾሞ መዝለል ያለ ዝግጅት አይሆንም ነው የምለው።

ሕመሙ የጀመረው በሰባተኛው ሳምንት በግራ እግሬ መዳፍ ላይ፣ ከሁለተኛው ጣት በስተኋላ ነው። የጡንቻ ሕመም ሰፊ ነው፤ በእጅ ታሹታላችሁ እንጂ አትጠቁሙትም። ይህ ግን በአንድ ጣት ጫፍ የሚጠቆም ነበር። ልብ በሉ፤ ሕመማችሁን በአንድ ጣት መጠቆም ከቻላችሁ ዳንሱን በዚያው ቀን አቁሙ። እኔ አይቡፕሮፌን ዋጥኩ። ሕመሙ ዝም አለ፤ ደነስኩ። ሌሊት ሲቀሰቅሰኝ ደገምኩ። ለደንበኛ «ይህ መድኃኒት ምልክቱን ይሸፍናል» የምለው እኔው ነኝ።

በዘጠነኛው ሳምንት ነው ከላይ ወደ ጠቀስኩት ሐኪም የሄድኩት። ከተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ብዙ ጊዜ በራጅ አይታይም፤ ኤምአርአይ ነው ቶሎ የሚያየው። ሐኪሙ ይህን ቢነግረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እግሬን በእጁ እንኳ አልነካም። «ሕመሙ እስከፈቀደልዎት» የሚለው ምክርም ለዳንሰኛ ምክር አይደለም። እኛ እኮ ከስምንት ዓመታችን ጀምሮ የተማርነው እያመመን ፊታችን ላይ እንዳይታይ ማድረግን ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሕመም ሁልጊዜ ይፈቅዳል።

ስለዚህ ሦስት ሳምንት ጨመርኩ። የተመዘገብኩበት ፌሽ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ከፋርማሲው ደረጃ ስወርድ እግሬ አልቀበል አለኝ። ሁለተኛው ራጅ አሳየ። ያሳየው ግን ስንጥቁን ሳይሆን፣ ሰውነቴ ስንጥቁን ሊጠግን የሠራውን አዲስ አጥንት ነበር። እኔ እየደበደብኩት እሱ በሥር በሥሩ ይጠግናል። ያን ነጭ እብጠት ስክሪኑ ላይ ሳይ ከሐኪሙ ይልቅ በራሴ አፈርኩ።

ስድስት ሳምንት በፕላስቲክ ቦት ጫማ ሄድኩ። የፌሹን ክፍያ አልመለሱልኝም፤ «ማሳሰቢያው ቅጹ ላይ አለ» የሚል የሁለት መስመር ኢሜይል ደረሰኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ሌላው ሁሉ ሊነግረኝ ሲገባ ያልነገረኝን ነገረችኝ፦ አጥንት አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ አሮጌውን ያፈርሳል፣ ከዚያ ይገነባል። በመካከል ያሉት ሳምንታት ከሁሉ የሚሳሳበት ጊዜ ናቸው። ሳንባ የተመለሰበትና ሰው የሚጀግንበት ጊዜም ያው ነው።

መምህራን አንድ ወር ይበቃል ይላሉ፤ እኔ ከረጅም ዓመት በኋላ ለተመለሰ ሰው ሦስት ወር ለስላሳ ጫማ ብቻ እላለሁ። ከዚያ ጠንካራውን በሳምንት ሁለት ቀን፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ከሥሩ ክፍተት ባለው የእንጨት ወለል ላይ ብቻ። ቤት ውስጥ በካልሲ እርምጃ መቁጠር ይበቃል። ለተመለሰ ሰው 92 አያዋርድም። ኮምፔንሳቶውን የአበባ ማሰሮ መደርደሪያ አድርጌዋለሁ።

በኅዳር ተወዳደርኩ። በአዋቂዎች ምድብ አራት ነበርን፤ ሁለት ሁለት እየሆንን ወጣን። እናቴ ነጠላዋን ደርባ፣ የቡና ፔርሙዟን ታቅፋ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። በትሬብል ጂግ የመጨረሻዋ ሆንኩ፤ በ92 ነበር፣ እግሬም አልጮኸም። በለስላሳው ጫማ በሚደነሰው ስሊፕ ጂግ ሁለተኛ ሆንኩ። ማታ የዳኛዋን ወረቀት መኪና ውስጥ ስከፍት ከነጥቡ አጠገብ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«ትከሻ ነው የምትለው፣ እማዬ። ተንቀሳቅሷል።»

«እሰይ!» አለች፣ ቡናዋን እየቀዳች።